ለአንድ ሰዓት ብለን ያደርንባት አንኮበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው አንኮበር የሚገባበት ምክንያት የለውም። ዋናው መንገድ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ይቀጥልና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ አንኮበር ግን ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ ወደ እርሷ የታጠፈ መንገደኛ አይቶ ሲጨርስ በመጣበት መመለስ ግዴታው ነው። ባለቤቴ ይህንን ስሌት ከሰንዳፋ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አሰላልኝ። እኔም ሦስቱንም ጊዜ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ መለስኩለት።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው። የተነሣነው ፋሲካን ደሴ ከአማቴ ዘንድ ለመዋል ነበር። ባለቤቴ ታሪክ የሚጠላ ሰው አይደለም፤ የሚጠላው የደብረ ሲናን ቁልቁለት በምሽት መንዳት ነው። በጫጫ በኩል ስናልፍ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አንጎለላ በዚሁ አካባቢ እንደሆነች፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዘመናቸውን በአንጎለላና በአንኮበር ከፍለው ይቀመጡ እንደነበር ነገርኩት። «እንግዲያው አንጎለላን አይተን እንለፍ፤ እርሷ መንገድ ላይ ናት» አለኝ። በክርክር የምረታው ሰው እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ሳልጨምር ዝም ብዬ ጠበቅሁት፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ራሱ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ።

ከዚያ በፊት ግን ለአማቴ ብርድ ልብስ ገዝተናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደቆረቆሯት የሚነገርላት ይህች ከተማ በእኛ ትውልድ ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በብርዷና ብርዱን በሚመክተው የሱፍ ብርድ ልብሷ ነው። ወፍራም፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ጥለት ያለበት ብርድ ልብስ መርጠን፣ በላስቲኩ እንደታሸገ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ብርድ ልብሱን ያነሣሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ግን ወደ ታች መውረድ ከመጀመሩ በፊት ገና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትርም ያልፋል። በዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው፦ የድንጋይ አጥር፣ በግቢው የተከመረ ኩበት፣ በበልጉ ዝናብ ገና ብቅ ያለ ገብስ፣ ነፋስ ያጎበጠው ባሕር ዛፍ፤ ከፍ ባለው ስፍራ ደግሞ እንደ ዘብ ብቻውን የሚቆም ጅብራ። አንድ ጥምዝ ላይ የጭላዳ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ሣር ሲነጭ አገኘነው። ባለቤቴ ጡሩምባ ነፋ፤ ደረቱ የቀላው ትልቁ ወንድ ቀና ብሎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ። እስኪያልፉልን ድረስ ከቆየንባቸው ደቂቃዎች በኋላ፣ ከገደሉ ጫፍ ስንደርስ፣ ጉሙ መጣ።

የሰሜን ሸዋን ጉም ያላየ ሰው እንዴት እንደሚመጣ ላስረዳው ይቸግረኛል። ከሰማይ አይወርድም፤ ከታች፣ ከቆላው፣ ገደሉን እየዳበሰ ይወጣል። ከምሥራቁ በረሃ የሚነሣው ሞቃት አየር በተራራው ግድግዳ ሽቅብ ሲገፋ ይቀዘቅዝና ከጫፉ ሲደርስ ነጭ ሆኖ ይፈስሳል። ጎረቤላ፣ ማለትም ዛሬ የወረዳው ከተማ የሆነችው፣ ስንገባ ከመኪናችን አፍንጫ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ወደ አሮጌው ከተማ የሚወስደውን መንገድ እየጠየቅን፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ፍጥነት ቀጠልን። በመጨረሻም ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት አገኘን።

«አባባ፣ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ከፊታችሁ ነው» አሉኝ።

ከፊታችን ያለው ነጭ ነበር። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ቃል ሳይናገር ፈገግ አለ፤ በትዳር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ፈገግታ ያውቀዋል።

አዛውንቱ አብረውን ሊወጡ ፈቀዱ። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ አልተጨባበጥንም፤ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ብቻ ሰላምታ ተለዋወጥን። ኮረብታው ሾጣጣ ነው፤ ዱካው በዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህ ቁልቁለት እስከ አናቱ ድረስ በእንጨት አጥር ዙሪያውን የታጠረ እንደነበር በጊዜው የመጡ እንግዶች ጽፈዋል። እኛ ስንወጣ ከግራና ከቀኛችን የሚታየው እርጥብ ግንድ ብቻ ነበር። ከአናቱ ስንደርስ አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነኩ፤ ርዝመት ያለው፣ ቁመቱ ግን ከእኔ ትከሻ የማያልፍ ነው። «ይኸው» አሉን።

ባለቤቴ ግንቡን ዳር እስከ ዳር በእርምጃው ለካው። ተመልሶም፣ አዛውንቱ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለዚህ ነው የታጠፍነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከፍቶኝ ነበር። ጎንደርን ያየ ሰው ሁሉ ይከፋዋል ብዬ አስባለሁ። የፋሲል ግንብ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ቢያንስ በመቶ ዓመት ይቀድማል፤ ሆኖም ዛሬም ቆሞ ጥላ ይጥላል፤ አንኮበር ግን በአብዛኛው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን የተሠራች ከተማ ስለነበረች፣ የሚጠብቃትና የሚያድሳት ሰው ሲሄድ አብራ ሄደች።

በዚያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ለመለየት በማይቻል ሁኔታ፣ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማን። «ኪርያላይሶን... ኪርያላይሶን...» የሕማማቱ ስግደት ነበር። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ ድምፁ ዞረው፣ ከጭቃው ላይ ይሰግዱ ጀመር። እኛም አጠገባቸው ሰገድን። ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም፤ ሰጋጆቹ አይታዩም፤ ድምፁ ግን ከእኛ ጋር የነበረ ያህል ቅርብ ነበር። በአንኮበር ኮረብቶች ላይ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምንና መድኃኔዓለምን የመሳሰሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ነገሥታቱ ሲሄዱ ያልሄዱት እነርሱ ናቸው። ስንነሣ የባለቤቴ ጉልበት ሁለቱም በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ስለ መንገዱም ስለ ሰዓቱም ያለው ነገር አልነበረም።

ጉሙ አልገለጠም። አሥር ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ «በዚህ ላይ አልነዳም» አለ፤ እኔም ድል እንዳደረግሁ ላለመምሰል ተጠነቀቅሁ። አዛውንቱ ዘመዳቸው ወደሆነች፣ ሁለት ክፍል ለመንገደኛ ወደምታከራይ ሴት ቤት ወሰዱን። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ብርዱ ግን ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። እትዬ፣ እንዲህ ብለን ነው የጠራናት፣ ሁኔታችንን አየችና «ኧረ ከዚህ ወደ ማድ ቤት ኑ» አለችን። በዚያ ነው የአማቴ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ የወጣው። ሁለታችን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥን፤ እርሷ ለሐሙሱ ጉልባን ባቄላ ስትለቅም፣ አዛውንቱ ደግሞ ስለ አገራቸው ሲያወሩ ማታውን አሳለፍነው። ሽሮና ጎመን በላን፤ ከሽሮው ጋር የቀረበው የገብስ ቂጣ ትኩስ ስለነበር ጣታችንን ለማሞቅም አገለገለን።

አዛውንቱ የከተማዋን ስም ሲያስረዱን፣ በድሮ ጊዜ አንኮ የምትባል የባላባት ሚስት በዚህ ማለፊያ ላይ ተቀምጣ ከአላፊ አግዳሚው ቀረጥ ታስከፍል ስለነበር ቦታው «አንኮ በር» ተባለ ይባላል አሉ። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ የመጠራጠር ልማድ አለው፤ እኔም ሴትዮዋ መኖሯን የምምልበት ነገር የለኝም። ሁለተኛው ቃል ግን ጥርጥር የለውም። በር ነው። ሰሜን ሸዋ በሮች የሞሉበት አገር ነው፤ ነገ የምናልፍበት ጣርማ በርም በር ነው። ደጋው ለቆላው ጀርባውን ሰጥቶ፣ በገደል ተከልሎ ስለሚኖር፣ ከምሥራቅ የሚመጣ ሰውና ዕቃ የሚገባው ገደሉ በተሰነጠቀበት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። በሩን የያዘ ሰው አገሩን ይዟል።

የሸዋ መሳፍንት ይህን ቀድመው አውቀውታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አድርገው ከያዙ በኋላ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም አልለቀቋትም። ከኮረብታው በታች፣ በገደሉ እግር፣ አልዩ አምባ የሚባል የአርጎባ ነጋዴዎች የገበያ መንደር አለ። ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ ለሳምንታት አቋርጦ የሚደርሰው ወደዚያ ነበር። ወደ ላይ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል፤ ወደ ታች የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ በጊዜውም አሳፋሪ ሥርዓት ሰውም ጭምር ለባርነት ይወርዳል። በሁሉም ላይ ንጉሡ ቀረጣቸውን ይወስዳሉ። ከዕቃው ይልቅ ግን ሰው ነበር በጥብቅ የሚፈተሸው፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የውጭ ሰው ከሥር ወደ ላይ አይወጣም፤ ከወጣም በኋላ ያለ ፈቃድ አይወርድም።

እ.ኤ.አ. በ1839 ኢሰንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የብሪታንያ መልእክተኛ ሆኖ፣ ብዙ ስጦታ አስጭኖ፣ ከሥር ደረሰ፤ ተጠባበቀም። ንጉሡ እስኪፈቅዱ ድረስ ከተራራው ሥር ቆይቷል፤ በዚያው ዓመት ግን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሞ እስከ 1843 ድረስ በሸዋ ተቀመጠ። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «እኛንም እኮ ያስጠበቁን እነርሱ ናቸው» አለኝ፤ በጉሙ ማማረሩን ካቆመ በኋላ የቀለደው የመጀመሪያው ቀልድ ስለሆነ እዚህ ማስፈሬ አይቅር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ይዘው ወጣቱን ምኒልክን ወሰዷቸው፤ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ፤ አንኮበርም እንደገና ቤተ መንግሥት ተሠራባት። የነካነው ግንብ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ኦራትዮ አንቲኖሪ የሚመሩት የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ ሲመጣ፣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጧቸው፤ አንቲኖሪ በ1882 ሞተው የተቀበሩትም በዚያው ነው። አንቲኖሪ የወፍ ሊቅ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፤ ከዚህ ገደል ጫፍ የምትኖር፣ በአንኮበር ስም የተሰየመች፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ በሳይንስ መዝገብ ስም የወጣላት ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ወፍ ሊሰበስቡ የመጡት ሰው ዓመታት ከተቀመጡበት ደጃፍ ላይ መቶ ዓመት ያህል ሳትታወቅ ቆይታለች ማለት ነው። ጉሙ ረድቷት ይሆናል።

በሩ የተዘጋው ማንም ሳይዘጋው ነው። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ሐረር በእጃቸው ገባች። ሐረር ከተያዘች ወዲያ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ የአፋርን በረሃ ወደ አንኮበር የሚያቋርጥበት ምክንያት እየመነመነ ሄደ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ፣ ብዙ ተንገላቶ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ያገኘው ንጉሥ አልነበረም፤ ሒሳቡን ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስማ ነገሩ አበቃ። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ጣርማ በርን ፈልፍለው መንገዳቸውን በዚያ ሲያሳልፉት፣ ወደ ሰሜን የሚሄደው መኪናም አንኮበርን ወደ ጎን ትቶ አለፈ። እኛም በማግስቱ የምናልፈው በዚሁ ነው።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የቀሰቀሰኝ ባለቤቴ ነው። «ተነሺ፣ ተገልጧል» አለኝ። ጫማውን አድርጎ ጨርሷል። አዛውንቱን ሳንጠብቅ ኮረብታውን እንደገና ወጣን፤ ትናንት ከግንቡ ማዶ የነጭ ግድግዳ የነበረው ቦታ ላይ አሁን ምንም አልነበረም፤ ማለትም ባዶ አየር ነበር። መሬቱ ከእግራችን ሥር ይቋረጣል። የተራራው ትከሻዎች እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ፣ አረንጓዴያቸው እየደበዘዘ፣ ወደ ቡናማ እየተለወጠ፣ መጨረሻው በማይታይ ሜዳ ላይ ያርፋሉ፤ ያ ሜዳ አፋር ነው። ጉሙ ከሸለቆዎቹ ሥር ተኝቷል። ወደ ሰሜን የወፍ ዋሻ ደን ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ትናንት ግንቡን ስናይ የቆምነው ጀርባችንን ወደዚህ ሰጥተን ነበር። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። በአንኮበር የሚታየው ነገር ከአንኮበር የሚታየው ነው፤ ነገሥታቱ ኮረብታውን የመረጡት ለመታየት ብቻ ሳይሆን በስንት ቀን ርቀት ላይ ያለውን የሚመጣ ለማየት ነው።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያም ጣቱን ወደ ታች ቀስሮ፣ «ይህን ግመል አይወጣውም» አለ።

«አይወጣውም» አልኩት።

«እንግዲያው ከታች ማራገፍ አለባቸው። ከግመል ያወርዱና በበቅሎና በአህያ ይጭናሉ። መጋዘን ያስፈልጋል፤ ለአጋሰሱ ገለባ ያስፈልጋል፤ ጫኝና አውራጅ ያስፈልጋል፤ ኬላ ያስፈልጋል።» ጥቂት አሰበና ጨመረ፦ «ደረቅ ወደብ ነበር ማለት ነው። እንደ ሞጆ።»

እኔ ስለ አንኮበር ያነበብኩትን ሁሉ ያህል ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነገሩን ግልጽ አደረገችልኝ። አልዩ አምባ ለምን ከሥር፣ አንኮበርስ ለምን ከላይ እንደተቀመጠች፣ ሃሪስ ለምን ከተራራው ሥር እንደቆየ፣ ግመልና በቅሎ የሚለዋወጡበት ቦታ ንጉሥና ነጋዴ የሚገናኙበት ቦታ ለምን እንደሆነ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ዕድሜውን በመሪ ላይ ያሳለፈ ሰው ቁልቁለትን ሲያይ የሚያየው ጭነትን ነው። ይህን በመናገሬ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው።

በግንቡ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አርፋ በረረች። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች ለመለየት አንዳችንም ሊቅ አይደለንም።

ወርደን እትዬን ተሰናበትናት፤ ለመንገድ ቆሎ ቋጠረችልን፤ የክፍሉን እንጂ የእራቱን ሒሳብ አልቀበል አለች። አዛውንቱን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘናቸው። ባለቤቴ ግመሎቹ ከየት ላይ ይራገፉ እንደነበር ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም በዱላቸው መሬት ላይ እየጫሩ አስረዱት፤ እነርሱ ሲጨዋወቱ «አንድ ሰዓት» ያልነው ጉብኝት ወደ ሃያኛ ሰዓቱ ተጠጋ። በጣርማ በር ዋሻ ያለፍነው ከቀትር በኋላ ነው፤ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ግን በብርሃን ወረድነው።

ደሴ ስንደርስ መሽቷል። አማቴ ብርድ ልብሱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ዘረጉት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ ከዚያም ልጃቸውን ሳይሆን እኔን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ይኼ ከፋብሪካ ነው የመጣው ወይስ ከማድ ቤት?» አሉኝ።